የአሸዋ ተሳፋሪዎች

የዚህ ሰው ስም መታወቂያው ላይ አለ፤ የሚጠራበት ግን የለም። አውሮፕላን በሚሠራበት ሃንጋር ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ግራሙ» ይሉታል። ሥራው መመዘን ነው። መንገድ በተጨናነቀበት ከተማ ከጣሪያ ጣሪያ ሰው ታመላልሳለች የተባለችው የኤሌክትሪክ አየር ታክሲ እዚያ ነው የምትሠራው፤ ብሎንም ይሁን ሽቦ፣ መቀመጫም ይሁን የበር እጀታ፣ በግራሙ ሚዛን ሳያልፍ እሷ ላይ የሚገጠም ነገር የለም።

ወጣት ሳለ በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይመዝን ነበር። እዚያ የተማረው ነገር ቢኖር ሰው ሻንጣውን አቅልሎ፣ ድካሙን ግን አክብዶ እንደሚናገር ነው። ሃንጋሩ ውስጥም ያንኑ አገኘ። መሐንዲሶቹ ክፍላቸው የሠራውን ሁሉ «ላባ ነው» ይሉታል፤ ሚዛኑ ሌላ ይናገራል። ከወለሉ ላይ ለስላሳውን ምንጣፍ አስነቀለ። የአብራሪውን የውሃ ኮዳ ማስቀመጫ አስወለቀ፤ ውሃ ከጠማው ሳይነሳ ይጠጣ ብሎ። ቀለም ቀቢው ሁለተኛ ዙር ሊቀባ ሲነሳ ግራሙ አጠገቡ መጥቶ ዝም ብሎ ቆመ፤ ሰውየው ቆርቆሮውን ዘግቶ ሄደ።

ክፋት አይደለም። ነዳጅ የምትጠጣ አውሮፕላን በበረረች ቁጥር ትቀላለች፤ ባትሪ ግን ሙሉም ሆነ ባዶ ያው ነው። ደግሞም ልታርፍበት ያሰበችው ጣሪያ ቢያዝ ወይም ነፋስ ቢነሳ፣ ዞራ ሌላ ጣሪያ የምትደርስበት ኃይል መትረፍ አለበት። ያ መጠባበቂያ ከተወሰነው በታች ከወረደ የበረራ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ፊቱን ያዞራል። ፊት ማዞር እንደሆነ ያውቅበታል። ገና ከጅምሩ «ይህች ነገር አውሮፕላን ናት ወይስ ሄሊኮፕተር?» በሚል ክርክር ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ከዚያ የሰፈር ሰዎች ጩኸቷን ፈርተው ተሰበሰቡ፤ ከዚያ የሕንፃ ባለቤቶች ጣሪያችን ይሰነጠቃል አሉ። ሁሉም በየተራው አለፈ። የቀረው ክብደት ነበር፤ አራት ሰው ካልጫነች ደግሞ ባለገንዘቦቹ አያዋጣንም ብለዋል።

ግራሙን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን አልፈታም፤ እሷም ብትሆን ልጅ ነበረች። «እታለም» ይላታል፤ ይኸው ሽበት ወርሶትም ፊቷ ሲቆም የሸሚዙን ቁልፍ ያስተካክላል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ሳቂታ ሴት። ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪና ስትረግጥ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ለሕክምና ከከተማው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ስትሄድ ግማሽ ቀኗን አውቶቡስ ይበላዋል።

መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻውን ፈተና ከነተሳፋሪው አያለሁ ሲል፣ መንገዱ ከሃንጋሩ ሜዳ እስከዚያው ሆስፒታል ጣሪያ ሆነ። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ተቆጣጣሪ፣ ከሆስፒታሉ አንድ ሐኪም፣ ከባለገንዘቦቹ አንድ ሰው ይሳፈራሉ ተባለ። አራተኛው ወንበር የዚያን መንገድ ስቃይ ለሚያውቅ ተራ ሰው ይሰጥ ሲባል፣ አፉን ለመክፈት የሚሰንፈው ግራሙ ከሁሉ ቀድሞ «እህቴ አለች» አለ። ዋና መሐንዲሷ ሳቀችና ተስማማች። እታለም ቀጠሮዋን በበረራው ቀን አስደረገች፣ ለሰው ስትሰፋ የኖረችው ሴት ለራሷ አዲስ ቀሚስ ሰፋች፣ ለመጣ ለሄደው ደንበኛ ሁሉ ለጉልበቴ በአየር ልሄድ ነው እያለች አወራች።

እስከዚያ ድረስ የበረሩት ተሳፋሪዎች አሸዋ ነበሩ። ክረምት ላይ ግቢው ውስጥ ከተከመረው አሸዋ ዝቀው አራት ጆንያ ሞሉ። ግራሙ ራሱ በሰው ክብደት ልክ መዘናቸው፤ ክብደታቸውንም በራሱ እጅ በቀይ ቀለም ጻፈባቸው። ሠራተኞቹ ስም አወጡላቸው፤ አጎት፣ ሙሽሪት፣ ዳኛው፣ አማች። ወንበር ላይ በቀበቶ እየታሰሩ ወራት በረሩ። አብራሪው እንደ እነሱ ጨዋ ተሳፋሪ አይቼ አላውቅም ይል ነበር። ከበረራ ሲመለሱ ባትሪ መሙያዎቹ አጠገብ ይደረደራሉ፤ እዚያ ቀን ከሌት ይሞቃል። የአውሮፕላኗ አካል የሆነ ነገር ሁሉ በየወሩ እንደገና ይመዘናል። ጆንያዎቹ ግን አካሏ አይደሉም፣ ተሳፋሪ ናቸው። ተሳፋሪ ደግሞ በየወሩ አይመዘንም።

በረራው ጥቂት ቀን ሲቀረው ግራሙ ለእንግዶች ወንበር ቦታ ሊያስለቅቅ ብሎ አጎትን ብቻውን ጎትቶ ከግድግዳ አስጠጋው። አጎት ሁለት ጎረምሳ የሚያስቃስት ጆንያ ነበር። መጀመሪያ ደስ አለው፤ በዚህ ዕድሜዬ ጉልበት ጨመርኩ ብሎ ክንዱን ዳሰስ አደረገ። ወዲያው እጁን ጆንያው ውስጥ ከቶ አሸዋውን ዘገነ። አሸዋው የተመዘነው እርጥብ ሳለ ነው፤ የበረረው ግን ደርቆ ነው።

አራቱንም መዘናቸው። አራቱም ቀለዋል። የጎደለውን ደምሮ ሒሳቡን እንደገና ሲሠራው፣ አራት እውነተኛ ሰው ጭና ሆስፒታሉ ጣሪያ ስትደርስ የሚተርፋት ኃይል ከተወሰነው በታች ሆኖ ተገኘ። በሦስት ሰው ግን ትችላለች።

ማንም አላየውም። ነፋስ ካልተነሳ፣ ጣሪያውም ክፍት ከሆነ፣ በአራት ሰውም በሰላም ትደርሳለች። ሆድ ይፍጀው ቢል ይፈጀው ነበር። እታለም በአዲሱ ቀሚሷ በመስኮት አጎንብሳ ታች የቆሙትን አውቶቡሶች ስታይ ታየው። አጎት ላይ ተቀምጦ ብዙ ቆየ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን ከዚያም በላይ እቆይ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ወደ ዋና መሐንዲሷ ክፍል ሄደ።

ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«ለሌላ ሰው ነግረዋል?» አለችው።

«ለማንም።»

በሩን አየችው። «ጋሼ፣ የእኛን ግራም ሲለቅሙ ኖረው አሸዋውን ረሱት?»

«ረሳሁት» አለ። ሌላ ሰበብ አላቀረበም።

ሴትዮዋ ንዴቷን ውጣ ስልኩን አነሳችና ለመሥሪያ ቤቱ ራሷ ነገረች። አሸዋው በደንብ ደርቆ፣ እንደገና ተመዝኖና ተሞልቶ፣ አውሮፕላኗ ሦስት ጆንያ ጭና በረረች፤ መጠባበቂያዋም በቂ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ በሦስት ሰው ትፈተን፣ አራተኛው ወንበር ቀለል ያለ ባትሪ እስኪገኝ ይቆይ አለ። ውሳኔው በተነገረበት ስብሰባ ከባለገንዘቦቹ አንዱ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ማን ይቅር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ተቆጣጣሪው አይቀር፣ ሐኪሙ አይቀር፣ የቀረው ባለገንዘብ ጭራሽ አይነካ። «እህቴ ትቅር» አለ ግራሙ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ለመሐንዲሷ የነገረው ሰውዬ ለእህቱ መንገር ግን አቃተው። ስልክ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ቤቷ ሄደ፤ ቀሚሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያየው ስለ ቤቷ ቧንቧ አውርቶ ተመለሰ። በማግስቱም ሄዶ ያንኑ ቧንቧ ጠገነ።

በበረራው ጠዋት እታለም ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ የሕክምና ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ጠብቆ ነገራት። አሸዋውን፣ ባትሪውን፣ ሒሳቡን ሁሉ ዘረዘረ። «እሺ» አለች። ጎን ለጎን ቆመው አየር ታክሲዋ ሦስት ሰው ይዛ ስትነሳ፣ ከዛፎቹ በላይ ስትሆንና ወደ ሆስፒታሉ ስትዞር አዩ። ሰው አጨበጨበ፤ እታለምም አጨበጨበች።

ቀጠሮው አይቀርምና አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ተዘግቷል። እታለም ጉልበቷን እያሸች በመስኮት ታያለች። ግራሙ ወደ እሷ ዞረ።

«እታለም፣ አንቺ ከብደሽ አይደለም እኮ። ሒሳቡ ነው።»

«ኩፍኝ ይዞህ አዝዬህ ክሊኒክ ሄጃለሁ» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «ገንፎ የመሰልክ ልጅ ነበርክ። ከበድከኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።»

«ያወረድከኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ከሚወድቅ እኔ ብቀር ይሻላል። አልተቀየምኩህም።» ከቀሚሷ ጫፍ ላይ የተረፈ ክር አገኘችና በጣቷ በጠሰችው። «ግን ሁለት ምሽት ቤቴ መጥተህ ቧንቧ ስትነካካ ነበር። ይህን ሳልለብስ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

የግራሙ ዓይን እንባ አቀረረ። አውቶቡሱ ትንሽ ሄደና እንደገና ቆመ። እታለም ቦርሳዋን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሱም ሆስፒታሉ እስኪደርሱ ድረስ ይዞላት ሄደ።