ከዜናው ድምፅ በታች

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ የነፍስ አባት አላቸው፤ ጥፋታቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ቀኖና ይቀበላሉ፣ ትንሽ ቀለል ብሏቸው ይመለሳሉ። እኛ ጴንጤዎቹ በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው የምንናገረው። ተናግሬያለሁ፣ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ለእግዚአብሔር መናገር አይከብድም። እሱ ቀድሞም ያውቀዋል፤ ፊቱ ሲለወጥም አይታይም። የሚከብደው ለሰው መናገር ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ሳላስፈቅዳችሁ የነፍስ አባት አድርጌያችኋለሁ። ታገሡኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ነፋስ ስልክ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስና እኔ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። አባቴ በወጣትነቱ ከከምባታ መጥቶ ዕድሜውን በፋብሪካ ሠራተኝነት የፈጀ ሰው ነው። ስኳር በሽታ ዓይኑን አደከመው፤ እግሩ ላይ አልድን ያለ ቁስል አወጣበት፤ በመጨረሻም ከቤት አዋለው። እኔ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ቁልፍ ስተክል እውላለሁ። ማቴዎስ ተማሪ ነው።

ጠዋት ጠዋት አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። ለጎረቤቱ ሁሉ ዜና ወዳድ ይመስል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ጴንጤ መሆን ያሳስር ነበርና እኛ የምንጸልየው ሬዲዮው ሲጮህ ነው። ዜና አንባቢው ስለ ምርት ዘመቻው፣ ስለ ወዳጅ አገር ልዑካን፣ በሰሜን በኩል ስለተደመሰሰው ጠላት ሲያወራ ከሥሩ የአባቴ ጸሎት ይሰማል። ማቴዎስ ቀልደኛ ስለነበር፣ «አባዬ፣ ዛሬ ዜናው አጭር ነው፤ ቶሎ አሜን በል» ይለው ነበር። አባቴ በጸሎት መሐል ሳቁን ሲውጥ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አሁን ሳስበው፣ ያ ሬዲዮ ስለ ዓለም ሁሉ እየነገረን ስለ ደጃፋችን አንድም ቀን አልነገረንም። የደጃፋችን ዜና የሚመጣው በአጥሩ ላይ ነው፤ ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ። ቀበሌ ስኳር መጣ፣ የእገሌ ልጅ ታፈሰ፣ ነገ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ወሬ። ይህን ያዙልኝ፤ እኔ ራሴን ያታለልኩት በዚያ በግማሹ ነው።

አባቴ በየቀኑ ቁርስ ሳይቀምስ ኢንሱሊን መወጋት ነበረበት። ብልቃጡን የሰጡን ሰዎች «ከፍሪጅ እንዳይወጣ» ብለው አስጠነቀቁን። ፍሪጅ! እኛ ሰፈር ፍሪጅ የነበረው ማን ነው? ጎፋ የምትኖር እትዬ ከድጃ የምትባል የነጋዴ ሚስት ነበረች፤ የእናቴ የድሮ ወዳጅ። እሷ ናት «የናንተ አባት ለኔም ወንድሜ ነው» ብላ ብልቃጡን በፍሪጇ በር ላይ ያስቀመጠችልን። እኔ ጎህ ሲቀድ የመስተዋት ሲሪንጁን አፍልቼ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው የሳሙና ዕቃ ውስጥ አድርጌ ጎፋ እሄዳለሁ። እዚያ መድኃኒቱን ቀድቼ፣ የሳሙና ዕቃውን እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ እመለሳለሁ። አባቴን እወጋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ማታ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ አለ።

ማቴዎስ ለምን አይሄድም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነዋ። ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰውን ወንድ ልጅ ሁሉ ከመንገድ፣ ከፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ እያፈሱ በመኪና ይጭኑት ነበር። አባቴ «ማለዳ ከግቢ እንዳትወጣ» ብሎ አስጠንቅቆታል። እኔን ሴቷን ማን ያፍሰኛል? ስለዚህ እሱ ይተኛል፣ እኔ እሄዳለሁ። ሲሪንጁ እስኪፈላ ድረስ አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ አየዋለሁ። ሰው በሚወደው ወንድሙ እንቅልፍ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። በየጠዋቱ ቀናሁ።

ክረምት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ሽንት ቤት ስወጣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። የጫማዬ ሶል ተከፍቶ ጭቃው ጣቶቼ መሐል ይገባል። ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች።

«አስቴር» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ዛሬ ማቴዎስን ከቤት እንዳታስወጪው። ጎፋ ማዞሪያ መኪና አቁመው እያፈሱ ነው። የእኅቴ ልጅ ለጥቂት አምልጦ እኔ ጋ ተደብቋል።»

«እሺ እትዬ» አልኳት።

እሺ አልኩ። ሰምቻለሁ ማለት ነው። አልሰማሁም፣ አላወቅሁም፣ አልገባኝም ማለት አልችልም። ቤት ስገባ አልጋዬን አየሁት። እሄዳለሁ ብዬ ጫማዬን አላወለቅሁም ነበር። አወለቅሁት። ለአንድ ቀን ብቻ አልኩ በልቤ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባሁና ጉልበቴን ወደ ሆዴ ሰብስቤ አቃሰትኩ። እውነተኛ በሽተኛ ባለበት ቤት እኔ የውሸት ታመምኩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አለ አባቴ ከአልጋው ሆኖ።

«ሆዴን ቆረጠኝ አባዬ።»

ምን ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ምናልባት አባቴ ዛሬ ይቅርብኝ ይላል ብዬ ይሆናል። ምናልባት ምንም አላሰብኩም። ማቴዎስ ግን ተነስቶ ሱሪውን እየለበሰ ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ። አንቺ ተኚ፣ ዛሬ እንኳ ዕረፊ» አለኝ።

«ተው አንተ ልጅ» አለ አባቴ፣ «አንድ ቀን ባልወጋ አልሞትም።»

«አባዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ ሰምቼሃለሁ። በጓሮ በጓሮ ነው የምሄደው። ደግሞ በዚህ ዝናብ ማን ያፍሳል?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ሲሪንጁ እስኪፈላ ድረስ ጊዜ ነበረኝ። ውሃው ድስቷ ውስጥ ሲንተከተክ ሰማሁት። «እትዬ ብርቄ እንዲህ አለችኝ» ብል ይበቃ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ያን ካልኩ የምነሳው እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ ትናንትናም እንዲሁ ብላ ነበር፣ ወሬ ነው አልኩ። ማቴዎስ ሯጭ ነው አልኩ። ዝናብ ነው አልኩ። እኔ አውቄ ዝም አልኩ፤ ጨርሼ ዝም አልኩ።

ማቴዎስ ሊወጣ ሲል የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ በኔ ላይ ደረበው። «ስመለስ ጤና አዳም አፈላልሻለሁ» ብሎ የሳሙና ዕቃውን በሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ። አባቴ ሬዲዮኑን ከፈተ። ዜናው ሲጀምር ከሥሩ ጸሎቱን ጀመረ። የጸለየው ለሆዴ ነበር። የልጄን ሆድ ዳስስ ብሎ ጸለየ፣ እኔም አሜን አልኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጥሩ እንቅልፍ ነበር፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

በሩ ሲንኳኳ ነቃሁ። የማላውቃት ሴትዮ የጎመን ቅርጫት አዝላ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ረጥባ ቆማለች።

«የአቶ ሄራሞ ቤት ይህ ነው? ስጠይቅ ስጠይቅ ነው የመጣሁት» ብላ የሳሙና ዕቃውን ዘረጋችልኝ። «ልጁ መኪናው ላይ ሆኖ ነው የሰጠኝ። ‹አባቴ ቁርስ ሳይበላ መወጋት አለበት፣ እኅቴ ደግሞ ታማ ተኝታለች፤ እባክሽ እናቴ አድርሺልኝ› አለኝ። ቀጥ አድርጌ ነው የያዝኩት፣ አልፈሰሰም።»

ከፈትኩት። አልፈሰሰም ነበር።

«ማን ነው? ማቴዎስ መጣ?» አለ አባቴ ከውስጥ።

«መድኃኒቱ መጣ» አልኩት። ክንዱን በአልኮል ጠርጌ ወጋሁት። ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ጠበቅሁና ነገርኩት።

አባቴ አልጮኸም። በትሩን ይዞ፣ ያን ቁስለኛ እግሩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በዝናብ ቀበሌ ሄደ። የእናት አገር ጥሪ ነው አሉት። በማግስቱም ሄደ፣ ክረምቱን ሙሉ ተመላለሰ። ቁስሉ አመረቀዘና ሁለት ጣቶቹን ቆረጧቸው። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እንዲያውም ዘመድ ሊያጽናናን ሲመጣ፣ «እሷን አጽናኑልኝ፤ ታማ ስለነበር በኔ ምክንያት ሄደ ብላ ትብሰከሰካለች» ይላቸው ነበር። እነሱም ያጽናኑኛል። እኔም እጽናናለሁ። ያን ቀን ታማ ነበር የሚለው ነገር እንዲህ ሆኖ የቤታችን እውነት ሆነ።

የምታውቀው እትዬ ብርቄ ብቻ ናት። ልታለቅስ መጥታ ጓዳ ተከተለችኝና፣ «አልነገርሽውም እንዴ?» አለችኝ።

«ሽንት ቤት ሳለሁ ወጥቶ አገኘሁት» አልኳት።

«በቃ፣ ሆድ ይፍጀው» ብላ ወጣች። እስክትሞት ድረስ አላነሳችውም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ላይ ዜና መንገሯን ተወች።

አባቴ ልጁን ሳያይ ሞተ። በመጨረሻው ሰሞን እጄን ይዞ መረቀኝ። «ሳትሰለቺ ጠበቅሽኝ ልጄ፤ ሳይሰለቹ የሚጠብቁሽ ይስጥሽ» አለኝ። ለውሸት ሆዴ አሜን ያልኩት ሴትዮ ለዚያ ምርቃት አሜን ማለት አቃተኝ። ደክሟት ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ እጄን መታ መታ አደረገው። ሰልችቼ እንደነበር ብነግረው ምን ይል ነበር?

መንግሥት ተለውጦ የተበተነው ጦር በየመንገዱ ሲመለስ ማቴዎስም መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ግቢው በር ላይ አንድ የከሳ ሰው በእግሩ እያነከሰ መጥቶ ቆመ። ከባድ መሣሪያ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ጎድቷቸው ኖሮ ስጮህ እንኳ በደንብ አይሰማኝም። እኔ የአባታችንን መርዶ እንዴት እንደምነግረው ተጨንቄያለሁ። እሱ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ያለኝን ስሙ።

«አስቱ፣ ሆድሽ ዳነ ወይ? እንደዚያ ስታቃስቺ ትቼሽ ወጥቼ፣ ሞታ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ያን ሁሉ ዓመት ምሽግ ውስጥ ሆኖ ስለ ሆዴ ተጨነቀ። እዚያው በሩ ላይ፣ እዚያው አንገቱ ላይ ሆኜ መናገር እችል ነበር። «ዳነ» አልኩት። ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማኝ ብዬ፣ «ዳነ!» አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት ያዋሸኝ ድካም ነው እንበል። ይሄኛውን ያዋሸኝ ምንድን ነው?

ከዓመታት በኋላ የአባታችን ስኳር በማቴዎስም ላይ ወጣ። ክሊኒክ ይዤው ስሄድ ነርሷ ስለ ኢንሱሊን አያያዝ ጮክ ብላ አስረዳችን። ፍሪጅ ባይኖራችሁም ግድ የለም አለች፤ በአዲስ አበባ አየር የተከፈተው ብልቃጥ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ማሰሮ ውስጥ ቢቀመጥ ለሳምንታት አይበላሽም። ያን ሁሉ ዘመን ማሰሮ ነበረን። ጨርቅም ነበረን። ማንም ጎፋ ድረስ መሄድ አልነበረበትም። ማቴዎስ በሳቅ ፈነዳ።

«ሰማሽ አስቱ? ያን ሁሉ ጠዋት በከንቱ ነው የተመላለስሽው! ምስኪን!» አለኝ። ያዘነው ለኔ እግር ነው። ስለ ራሱ አንድ ጠዋት ትንፍሽ አላለም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው እንደ ድሮው ይጮሃል፤ አሁን የሚጮኸው ለማቴዎስ ጆሮ ነው። ዜናው ያው ጦርነት ነው፣ ኑሮ ውድነት ነው፣ የሚታጣ ልጅ ነው። እኔ ከጎኑ ቁጭ ብዬ ክንዱን ጠርጌ እወጋዋለሁ። ከዜናው ድምፅ በታች፣ አባቴ ይጸልይበት በነበረው ድምፅ፣ ጥፋቴን እነግረዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ነገርኩት። አይሰማም። አይሰማም ብዬ ነው የምነግረው፤ ንስሐ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሰሞን ግን በመሐል ዞሮ፣ «ምን አልሽ?» አለኝ። «ዜናውን ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሬዲዮው ተመለሰ፣ እኔ ግን የዚያን ቀን ምግብ አልወረደልኝም።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ደክሞኝ ነበር ብዬም አላመካኝም። ደክሞኝ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ድካም እግር ያስራል እንጂ አፍ አይዘጋም። ማቴዎስ ጆሮው ቢደክምም ዓይኑ ደህና ነው፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ያነባል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ጠዋት ከሬዲዮው አጠገብ አስቀምጥለታለሁ፤ ሬዲዮኑንም እዘጋዋለሁ። በጆሮው ያላደረስኩትን በዓይኑ ያግኘው።

ማቴዬ፣ ያን ቀን ምንም አላመመኝም ነበር።