የወንድሜ ጠባሳ

እናቴ ስትሰድበኝ «አንቺን በርበሬ ስቀነጥስ ነው የወለድኩሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ቁጣዬ ቅርብ ነው። ያን ሰሞን ግን ቁጣዬም እንባዬም ተደበላልቆብኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው። እዚያው ቀበሩት። የደወለልኝ አብሮት የወረደ ጓደኛው ነው፤ እኔ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስለምሠራ ስልኬ አይጠፋም። እናታችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ገጠር ናት። ለእናት ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። የአገሩ ሽማግሌዎች ጠዋት ሄደው ሊያረዷት ተነጋገሩና ለእኔ «ፎቶውን አሳድገሽ ነይ» አሉኝ። ሬሳ ከሌለ የሚለቀሰው በልብሱና በፎቶው ነው።

ያለኝ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ታሽቶ የደበዘዘ። አራዳ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። ድሮ እዚያ ቤት ፎቶ ለማሳደግ ሳምንት ያመላልሱን ነበር። ባለ ፎቶ ቤቱ ግን «አይዞሽ እህቴ፣ አሁን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አለ፤ ሻይ ጠጥተሽ ሳትጨርሺ ይደርሳል» አለኝ። ደረሰም። በፍሬም አድርጎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔ እያለቀስኩ ምኑን አየዋለሁ? ይዤ ወደ መናኸሪያ በረርኩ።

በማግስቱ መርዶው ተነገረ። እናቴ መሬት ላይ ተፈጠፈጠች፤ ይዘው አነሷት። ዳሱ ተጣለ፣ አልጋ ወጣ፣ ጋቢውና ዱላው አልጋው ላይ ተደረገ። ከዚያ ፎቶውን ከፌስታሉ አወጡት።

ክው አልኩ።

ፍሬሙ ውስጥ ያለው ሱፍ የለበሰ፣ ክራባት ያሰረ ጎረምሳ ነው። ወንድሜ በዕድሜው ክራባት ነክቶ አያውቅም! ቆዳው እንደታጠበ ሳህን ያበራል። ተገንጥለው የቆሙት ጆሮዎቹ ተለጥፈዋል። በልጅነቱ በሬ ወግቶት ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለው ጠባሳ ድራሹ የለም። ኮምፒውተሩ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። በዚህ ለቅሶ መሐል ማን ልብ ይላል ብዬ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች ወደ አልጋው መጣች። ፎቶው ፊት ስትደርስ እጇ ቆመ። አነሳችው። በነጠላዋ ጫፍ ቅንድቡን ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች።

«ያንቺው ነው እንጂ» አሏት ሴቶቹ።

«የወለድኩትን ልታሳዩኝ ነው? ቁስሉን በጨው ውሃ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም? ታዲያ ጠባሳው የት ሄደ?» ዙሪያውን አየችን። ፊቷ ቀስ እያለ በራ። እንደዚያ የሚያስፈራ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። «ዝም በሉ! ተሳስታችኋል! የሞተው የሰው ልጅ ነው፣ የኔ አይደለም!»

ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። እልል አለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ እልል!

«እማየ፣ ማሽኑ ነው ያበላሸው» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«ማሽን ምን ቂም ይዞ የልጄን ፊት ያጠፋል?» አለችኝ። የቀበረው ጓደኛው ቆላ ድረስ ተደውሎለት ቢያስረዳት «አንተም ሰው ተምታቶብህ ነው» አለችው። ቄሱ ስለ ተዝካር ሲያነሱ «በቁሙ ላለ ልጅ ተዝካር? ሟርተኛ ሁሉ!» ብላ ተነሳችባቸው። ሰው አንድ በአንድ ተበተነ። እሷ የወንድሜን ጋቢ አጥባ አሰጣችው።

ጎንደር ስመለስ ፎቶ ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። «እንዲያምር ብዬ ነው እኮ እህቴ፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚወደው» አለ።

«ወንድሜ መች አስቀያሚ ነበር? እግዜር ይይልህ!»

የሆነውን ሁሉ ስነግረው አንገቱን ደፋ። ጉርዱን ፎቶ ምንም ሳይነካካ እንዳለ አሳድጎ አተመልኝ። ደብዝዟል፣ ተጨማድዷል። ጆሮዎቹ ቆመዋል፤ ጠባሳው አለ። ወንድሜ ራሱ ነው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ፎቶውን ይዤላት ሄድኩ። ልጇን በእጄ ልገድልባት መሆኑን አውቃለሁ። ግን አልቅሳ ይውጣላት፣ ሳታለቅሰው አትቅር ብዬ ቆረጥኩ። ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ፎቶውን ሰጠኋት። ጣቷ በቀጥታ ጠባሳው ላይ አረፈ። ስትወድቅ ልይዛት ተጠጋኋት።

«እሰይ! ሸጋው ልጄ!» አለች፤ ፎቶውን ሳመችው። «አላልኳችሁም? ምነው ከሳ ግን? የቆላ ምግብ አልተስማማውም። መቼ ላከው?»

«እማየ...» አልኩ።

ሳታስጨርሰኝ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ባለ ክራባቱን ፎቶ በንጹህ ነጠላ ጠቅልላ ይዛ ወጣችና እጄ ላይ አኖረችው።

«ይኼን ለእናቱ አፈላልገሽ አድርሽላት» አለችኝ። «ምስኪን፤ ልጇ ሞቶባት የምታለቅስበት ፎቶ እንኳ የላትም።»