ድኙን የለኮስኩት እኔ ነኝ

በርሜል አይፈነዳም ነው የምትሉኝ? የእንጨት በርሜል፣ ያውም ባዶ፣ ያውም ታጥቦ ፀሐይ ላይ የቆመ? እሺ፣ እናንተ ብዙ ታውቃላችሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ እናንተ አልነበራችሁም። ያኔ ቅንድቤን ያየ ሰው አይከራከረኝም ነበር። አሁን በቅሎ ነው እንጂ።

ሌላም የሚወራ አለ። «ግርማ ሕዝብ ፊት አለቀሰ» ይባላል። አላለቀስኩም! የድኝ ጭስ ዓይኑ ገብቶ እንባ የማይወጣው ጀግና ካለ ይምጣና ይሞክር። ያለቀስኩት በኋላ ነው፣ ቤቴ ገብቼ። እሱን ደግሞ ማንም አላየም።

ነገሩ የሆነው አምና ኅዳር፣ ቀበና፣ እኛ ሰፈር ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው በፍንዳታው አይደለም። በሕይወቴ አፌ አልከፈት ያለኝ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

የኔን አፍ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከመገናኛ ካራ የሚመላለስ ውይይት ታክሲ ላይ ረዳት ነኝ። መገናኛ ላይ ስጣራ ኮተቤ ያለ ሰው ጫማውን ማድረግ ይጀምራል። ቀበና ሊሄድ ተሳስቶ የገባ ሰውዬ ወሬዬን ሲሰማ ካራ ደርሶ የወረደበት ቀን አለ።

እትዬ ብዙነሽ ጎረቤታችን ናቸው፣ በመካከላችን ያለው አጥር ብቻ ነው። ወይን ጠጅ ይጥላሉ። ሟቹ ባለቤታቸው ድሮ ጣሊያን ቤት ሲሠሩ ነው ሙያውን የተማሩት። ሲሞቱ ለእትዬ ሦስት ትንንሽ የእንጨት በርሜሎች ትተውላቸው ሄዱ። እትዬ ብዙነሽ ጡረታ የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ የሚኖሩት በእነዚያ ሦስት በርሜሎች ነው። ኅዳር ላይ ይጥላሉ፣ ለጥር ሰርግ ያደርሳሉ።

በርሜል ባዶውን ሲከርም ይሻግታል። የሻገተ በርሜል ውስጥ የገባ ወይን ደግሞ ኮምጣጤ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መጀመሪያ በድኝ ይታጠናል። ቢጫው ድኝ ይቀልጥና ጨርቅ ይነከርበታል፣ ጨርቁ ሽቦ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፣ ይለኮስና በቀዳዳው ወደ በርሜሉ ሆድ ይወርዳል። ከዚያ ቀዳዳውን በውታፍ መድፈን ነው። ጭሱ ሻጋታውን ይጨርሰዋል።

አምና ግን እትዬን ክፉ ሳል ይዟቸዋል። ወይኑ ደግሞ ተጨምቆ ጋን ውስጥ መፍላት ጀምሯል፤ አይጠብቅም። በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ግርማ፣ ድኙን የሚለኩስልኝ ሰው ፈልግልኝ። ዘንድሮ ጭሱን አልችለውም።»

«ሰው? እትዬ፣ እኔ እያለሁ ሰው ይፈለጋል? በርሜል እኮ ማለት እኔ ነኝ!»

«መቼ አይተህ ታውቃለህና?»

«ሞተር የሚፈታ እጅ በርሜል ያቅተዋል?»

ሞተር ፈትቼ አላውቅም። የማውቀው ጎማ መቀየር ነው።

ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ። ሲሻላቸው አስረዱኝ። «በውሃ ብቻ እጠበው። ሌላ ነገር እንዳታስገባበት። ስትለኩስ ፊትህን አዙር።»

በውሃ ብቻ! እኔ ደግሞ አራዳ ነኝ አይደል፣ አሻሽላለሁ አልኩ። እኛ ቤት ቁስል የሚታጠበው በአረቄ ነው። ጥርስ ሲያም አረቄ፣ ሆድ ሲቆርጥ አረቄ። ከአጎቴ በቀር ከአረቄ የተረፈ ነገር አይቼ አላውቅም። በአረቄ አጥቤ በድኝ ካጠንኩት፣ ሟቹ ራሳቸው ቢነሱ የሚቀኑበት በርሜል ይሆናል። አንድ ጠርሙስ አምጥቼ አንዱ በርሜል ውስጥ ገለበጥኩት፣ አንከባለልኩት፣ ደፋሁትና ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ወይኑ ሲደርስና ሰው ሲያደንቅ ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት።

እሑድ ጠዋት ነው። ከግቢው ማዶ፣ ሜዳው ላይ የቀበሌ ስብሰባ ተጀምሯል። ድኙን ለኮስኩት፣ ሰማያዊ ነበልባል አወጣ። ሽቦውን ይዤ በቀዳዳው አወረድኩት።

ቀጥሎ ያየሁት ሰማይ ነው። በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። የበርሜሉ ጣውላ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይዘንባል። የብረት ቀለበቱ ብቻውን እየተንከባለለ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው መንገዱ ላይ ተኙ። ስብሰባው ከነሰብሳቢው መሬት ያዘ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው አጥሩን ዘለው ገቡ። እኔ ብድግ ብዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ግራ እጄን ጨብጬ መፈክር! ማንም ሳይጠይቀኝ! ቅንድብ የሌለው፣ ፊቱ ጥላሸት የሆነ፣ ሱሪው የሚጨስ ሰው መፈክር ሲያሰማ አስቡት። በዚህ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ እሱ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ የሚቀጥለው ነው።

«ማነው ያፈነዳው?» አለ አንደኛው።

እኔ ነኝ ማለት ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ቃል። አልወጣም። ጠመንጃውን ብቻ አየሁ። እትዬ ብዙነሽ እየሳሉ ከቤት ወጡ። የተበተነውን በርሜላቸውን አዩ። እኔን አዩኝ፣ ጠመንጃውንም አዩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በርሜሉም የኔ ነው፣ ድኙም የኔ ነው። ልጁ ሊረዳኝ ነው የመጣው።»

«ድኝ? ድኝ ባሩድ የሚሠራበት አይደለም እንዴ?»

«እኔ የማውቀው ወይን ነው ልጄ።»

ወሰዷቸው። የተረፉትን ሁለት በርሜሎችና የድኙን ቋጠሮም ይዘው ሄዱ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ልቤ አላስችል ብሎኝ ተከተልኳቸው ብዬ ላወራችሁ እችል ነበር፤ ማን ያውቃል? ግን ከእንጨት ተሸካሚዎቹ አንዷ አቧራዋን እያራገፈች ወደ አጥሩ መጣች።

«አንተ ነህ የለኮስከው። ከላይ ሆኜ አይቼሃለሁ።»

የሚጨሰውን ሱሪዬን ማራገፍ ጀመርኩ።

«በሽተኛ ሴትዮ አስወስደህ እዚህ ትገተራለህ? ካልሄድክ እኔ ሄጄ እነግራለሁ!»

ሰው ስላየኝ ነው የሄድኩት። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ቀበሌ ስደርስ እትዬ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ነኝ። ባሩድ አይደለም፣ አረቄ ነው» አልኩ።

«ጠጥተሃል?»

«እኔ አይደለሁም፣ በርሜሉ ነው የጠጣው።»

አልሳቁም። ያደረግኩትን ሁሉ አስረዳሁ። አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው እዚሁ አድርገህ አሳየኝ። ካልጮኸ ግን የነበረው ባሩድ ነው ማለት ነው። አንተም እሳቸውም ወደ ከፍተኛው ትተላለፋላችሁ» አሉ። በባሩድ ተጠርጥሮ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ለማሳየት ደግሞ በርሜል ያስፈልጋል። የቀሩት ሁለት ናቸው። እትዬ ተነስተው ሁለቱንም ዳሰሱ፣ አንዷን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጓት።

«ይቺን ውሰድ» አሉኝ። «ይቺ ታፈሳለች።»

ውሃ ጨምሬ አየኋት። ጠብ የሚል አልነበራትም።

ሁለት ጥበቃዎች ተልከው አረቄ አመጡ። አጠብኩ፣ ደፋሁ። ሰው ሁሉ ከቀበሌው ግንብ ጀርባ ተኛ። ለኮስኩና ሽቦውን አውርጄ ሮጥኩ።

ጭስ። ጭስ ብቻ። እንደ ሽሮ ድስት ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፣ አለቀ።

ሊቀመንበሩ ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ። እኔ እትዬን ማየት አልቻልኩም፤ አሁን ሁለታችንም ልንሄድ ነው።

ያኔ ነው ሰይድ የሚባለው ጥበቃ ጉሮሮውን የጠረገው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አረቄው ውሃ ነው። መንገድ ላይ ጠጥተውት ከቧንቧ ሲሞሉ አይቻቸዋለሁ።»

ሁለቱ ጥበቃዎች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንደኛው ስቅታ ይዞታል።

«አንተ ራስህ ሄደህ አምጣ!» ተባለ ሰይድ። ሙስሊም ነው፣ አረቄ በአፉ አይዞርም። ጠርሙሱን እንደ እባብ ከሰውነቱ አርቆ ይዞ መጣ።

እንደገና አጠብኩ። ፀሐዩ ከርሯል፣ በርሜሏ ሞቃለች። ለኮስኩና አወረድኩት።

ምን ልበላችሁ፣ ከመጀመሪያው የባሰ! የጽሕፈት ቤቱ መስታወት ረገፈ። የአንድ ጥበቃ ቆብ ጽድ ላይ ተሰቀለ። ከግንቡ ጀርባ የሊቀመንበሩ ድምፅ፣ «በቃ! በቃ! አምኛለሁ!» ሲል ተሰማ። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ሳቅኩ፤ እንደ ዘፋኝ ጎንበስ ብዬ እጅ ሁሉ ነሳሁ።

ቀና ስል እትዬ ብዙነሽ ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጣውላውን አንድ በአንድ እያነሱ ነጠላቸው ውስጥ ይሰበስባሉ። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ለቀቁን። የተረፈችውን አንድ በርሜል ተሸክሜ ከኋላቸው ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። በራቸው ጋ ሲደርሱ ፊቴን አዩና፣ «ቅንድብህን ለጋ ቅቤ ቀባው፣ ቶሎ ይበቅላል» ብለው ገቡ። የዚያን ቀን ማታ ነው እንግዲህ ያለቀስኩት።

ወይኑ አንድ በርሜል አልበቃውም። የተረፈው ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ኮመጠጠ፣ የጥር ደጋሾችም ወደ ሌላ ሄዱ። መርካቶ በርሜል ፈለግኩ፣ ሲግናል ያሉ አናጢዎችን ለመንኩ፤ እንደዚያ ዓይነት የሚሠራ የለም። ዘንድሮ ኅዳር እትዬ በአጥሩ በኩል መልሰው እኔኑ ጠሩኝ፤ ድኙን እንድለኩስላቸው። እኔኑ! በውሃ ብቻ አጠብኩ። ክብሪቱን ሦስት ጊዜ ሳጠፋው አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ሰፈር ውስጥ «ግርማ ቦንቡ» ይሉኛል፣ እስቃለሁ። እሳቸው «ልጄ» ሲሉኝ ግን ቀና ብዬ ማየት አልችልም።

አሁንም ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ቀበና ኑና ጠይቁ። ሰይድን ጠይቁ። ቆቡ ጽድ ላይ የተሰቀለበትን ጠይቁ። ሊቀመንበሩን ከደፈራችሁ እሳቸውንም ጠይቁ። እትዬ ብዙነሽን ብቻ አትጠይቁ። ማነው የለኮሰው ካላችኋቸው፣ ዛሬም «እኔ ነኝ» ነው የሚሏችሁ።