የግሊሾ ቆብ

ግሊሾ አራት ዓመት ሙሉ ጀርመኖችን በፓርቲዛንነት፣ ማለትም በደፈጣ ተዋጊነት፣ ተዋግቶ ከጫካ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ቁርጥማት ነው። አንድም ፎቶግራፍ ያነሳው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንጨት እየፈለጠ፣ ፕሪም እየለቀመ፣ ሚስቱን ስቶያንካን እየፈራ በሰላም ሲኖር፣ የጦርነት ፊልም ሠሪዎች ከቤልግሬድ መጡና ሸለቆውን ወደዱት። መውደዳቸውንም በየበጋው እያቃጠሉት ገለጹ።

መንደርተኛው ሁሉ በፊልሙ ፓርቲዛን ካልሆንኩ ይላል፤ ጀርመን የሚሆን አይገኝም። ግሊሾን ደግሞ ፈጣሪ ቁመት፣ ነጣ ያለ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ሰጥቶት አረፈ። የአልባሳት ኃላፊው ገና ከሩቅ ሲያየው የጀርመን ካፖርት ይዞ ይሮጣል። እሱም በየፊልሙ ይሞታል፤ ከድልድይ ወድቆ፣ ከሞተር ሳይክል ተወርውሮ፣ አንዴማ የባቄላ ሾርባ ውስጥ ተደፍቶ። ማታ ስቶያንካ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ያንን ጨርቅ ለብሰህ ደጄን እንዳትረግጥ! በረት ገብተህ አውልቅ!»

«ሥራ እኮ ነው፣ አንቺ ሴት!»

«አባቴን የወሰዱትም ሥራችን ነው ብለው ነው።»

ይህች ንግግር አንጀቱን ታቃጥለው ነበር። አንዲት ቀን እንኳ ኮከብ ያለበትን የፓርቲዛን ቆብ አድርጎ ስቶያንካ በሲኒማው ሸራ ላይ እንድታየው ተመኘ። ዘንድሮ ድፍረት አገኘና ዳይሬክተሩን ለመነው።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ እኔ እኮ እውነተኛው ፓርቲዛን ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ግን ፊትህ ፓርቲዛን አይመስልም» አለው ዳይሬክተሩ። «ለማንኛውም ነገ አንድ እስረኛ በደንብ ግደልልኝና ከዚያ በኋላ ቆቡን ታደርጋለህ።»

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር የቆመው እስረኛ ኦብረን ሆኖ ተገኘ። ኦብረን የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ አጭር፣ ድብልብል ያለ ሰው ነው። ለግሊሾ ሚዜው ነበር፣ ልጆቹንም ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው። እዚያ አገር አበልጅ ከወንድም ይበልጣል፤ ክፉ ቃል እንኳ አይናገሩትም። ኦብረን ግን አሟሟቱን በመስተዋት ፊት ሲለማመድ ከርሞ፣ ዘመዶቹን ወንበር ይዛችሁ ኑ ብሎ ጠርቷል።

«ተኩስ!» አለ ዳይሬክተሩ።

ግሊሾ ጠመንጃውን አነሳ፣ አበልጁን አየ፣ መልሶ አወረደው።

«ጥይቱ ባዶ ነው እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ።

«አበልጄ ግን ባዶ አይደለም።»

«ካልተኮስክ ቆብ የለም!»

«ይቅር!» አለ ግሊሾ፤ ዓይኑ ግን ኦብረን ካደረገው ባለኮከብ ቆብ አልተነሳም።

«ኧረ ተኩስ፣ አንተ ግትር!» ኦብረን ከግድግዳው ሥር ጮኸ። «አክስቴ ተራራ አቋርጣ የመጣችው ስሞት ለማየት ነው!»

ግሊሾ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። ኦብረን የአበልጁን ፊት አየ፣ ቀጥሎ ከሰዎቹ መሃል የቆመችውን ስቶያንካን አየ፤ የራሱን ቆብ አወለቀና «ና፣ ልብስ እንቀያየር» አለ።

ተቀያየሩ። የጀርመኑ ካፖርት በኦብረን ላይ መሬት ይጠርጋል፤ የፓርቲዛኑ ሱሪ ግሊሾ ላይ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ቀረ። ዳይሬክተሩ የምትጠልቀውን ፀሐይ አየና ተስፋ ቆረጠ። «ይሁን! ግን አሁንም አልተኩስም የሚል ካለ ቆቡን እነጥቃለሁ፣ ሁላችሁንም አባርራለሁ!»

ግሊሾ ቆቡን አስተካክሎ ደረቱን ነፋ። ስቶያንካ በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አያት። አበልጁም እንደሱ እንቢ እንደሚል አልተጠራጠረም፤ ተረጋግቶ ቆመ። ዳይሬክተሩ ትእዛዙን ሳይጨርስ ኦብረን ተኮሰ። ግሊሾ ከድንጋጤው የተነሣ እንደ ግንድ ወደቀ።

«እንዲህ ያለ ሞት አይቼ አላውቅም!» አለ ዳይሬክተሩ እያጨበጨበ።

ማታ መጠጥ ቤት ግሊሾ ለአበልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። «ዓይንህን እንኳ አላሸህም፣ አንተ!»

«ጨፍኜ ነው የተኮስኩት» አለ ኦብረን አረቄ እየቀዳለት። «አይቼህ ቢሆን መች እችል ነበር? ካልተኮስኩ ደግሞ ቆቡን ከራስህ ላይ ሊነጥቁህ ነው።»

ግሊሾ መለኪያውን አስቀመጠ። አበልጁን አቅፎ ሦስት ጊዜ ሳመው፣ አልቅሶም አላፈረም።

«በቃ፣ በቃ» አለ ኦብረን ጺሙን እየጠረገ። «አወዳደቅህ ግን እኔ የተለማመድኩትን አያክልም።»