ሲቲዝንሺፕ የሚሉት ትምህርት

የተቀቀለ ቀይ ጥቅል ጎመን በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ያ የሳይንስ ክፍላችን ትዝ ይለኛል። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ የሳይንስ አስተማሪያችን የጎመኑን ውሃ በየብርጭቆው እያደለችን፣ ሎሚ ሲነካው ሲቀላ፣ ሳሙና ሲነካው አረንጓዴ ሲሆን እያየን እንጽፍ ነበር። ሳይንቲስት ያየውን እንጂ የሚፈልገውን አይጽፍም ትለን ነበር፤ እኔም ቃሏን እንደ ወንጌል ይዤው ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት በዚያ ወራት እኔና እናቴ ሌክ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ አፓርታማ እንኖር ነበር። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች፣ አውቶቡስ ላይ የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ትመላለስ ነበር። ሲቲዝን ከሆነች፣ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ የቀረውን ታላቅ ወንድሜን ናሆምን ለማምጣት መንገዱ ያጥራል፤ ካልሆነች መቼ እንደሚመጣ አንድዬ ያውቃል። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራት የቤታችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ኢሜይሏን ከፍቼ በስሟ እመልሳለሁ፣ ስልክ ሲደወልም ድምፄን ወፈር አድርጌ «የስ፣ ዚስ ኢዝ ሺ»፣ አዎ እኔው ነኝ፣ እላለሁ። የሰፈራችን የሐበሻ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር፣ ነውር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ አላባራ ሲል፣ አስተማሪያችን ብርጭቆዎቹን አስነስታ ላፕቶፖቹን አመጣችና አዲስ ትምህርት ጀመረች፤ ስሙ ዲጂታል ሲቲዝንሺፕ። ዲጂታሉን አልሰማሁትም። ሲቲዝንሺፕ፣ ዜግነት፣ ስትል ግን ክው አልኩ። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈ እንደማይጠፋ፣ ሌላ ሰው መስሎ መጻፍ ጥፋት፣ አንዳንዴም ወንጀል እንደሆነ ነገረችን። ከዚያ ፈተና ሰጠችን፤ አንዱ ጥያቄ ሌላ ሰው መስለን ጽፈን እንደምናውቅ ይጠይቃል። አዎ ብል የእናቴ ነገር አበቃ፣ ናሆምም እዚያው ቀረ፤ አይ ብል ደግሞ ውሸት ነው። ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልዋጥልኝ አለ፣ የቤት ስልክ በጮኸ ቁጥር መንግሥት የደወለ እየመሰለኝ እሸማቀቅ ነበር።

አስተማሪዋ መክሳቴን አይታ ኖሯል፣ እናቴን እንድጠራ አዘዘችኝ። «ማሚ፣ ሲቲዝንሺፕ ወድቄያለሁ መሰለኝ» አልኳት። ልጆችንም ይፈትናሉ እንዴ ብላ አልጠየቀችም፤ ብቻ ፊቷ አመድ መሰለ። ለዜግነቱ ኢንተርቪው የገዛችውን ኮት ለብሳ፣ በለፈለፉ ይጠፉ፣ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ እያለችኝ አብረን ትምህርት ቤት ሄድን።

አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። አስተማሪዋ ለምን ባዶ እንደተውኩት በቀስታ ስትጠይቀኝ ግን ለቅሶዬ አመለጠኝ፤ ኢሜይሉንም፣ ስልኩንም በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩላት። እናቴ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከወንበሯ ተነሳች።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ በያት። እጁ የልጅቷ ነው እንጂ ቃሉ የኔ ነው። ዜግነት ከከለከሉም እኔን ይከልክሉ፣ እሷን እንዳይነኩብኝ።»

«ማሚ፣ ናሆምስ?»

«ተርጉሚ» አለችኝ።

እየተንሰቀሰቅኩ ተረጎምኩ። አስተማሪዋ ነገሩ ሲገባት ወንበሯን ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ትምህርቱ ከመንግሥት ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ፣ የኮምፒውተር ሥነ ምግባር ብቻ እንደሆነ፣ እናት ፈቅዳ ያዘዘችውን መጻፍም ማጭበርበር ተብሎ እንደማይቆጠር አስረዳችን። እናቴ አላመነችም፤ «በደንብ ጠይቂያት» ብላ ሁለተኛ አስጠየቀችኝ። ሲገባት ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ሳቀች፣ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት።

ክረምቱ አልፎ የቼሪ ዛፎቹ ሲያብቡ ኢንተርቪውዋን አለፈች። ናሆም የመጣው ግን እኔ ሃይስኩል ከገባሁ በኋላ ነው፤ የኢሚግሬሽን ወረቀት እንደምንም ይንፏቀቃል እንጂ አይሮጥም።

አሁን እናቴ ኢሜይሏን ራሷ ትከፍታለች፣ እኔም ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሰው ያለውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማስተላለፍ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ያን ቀን ግን ከአፌ የሚወጣው ቃል ወንድሜን እንደሚያስቀርብኝ በፍጹም ልቤ አምኜ ነበር። እናቴም እንደኔው አምና ነበር፤ አምናም ነው ተርጉሚ ያለችኝ።