ከምላሷ ሥር ያየሁ ለታ

ነገሩ የሆነው አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር የገዛ ራሴ ይቀፈኛል።

የምንኖረው ጣርማ በር አጠገብ ነው። ባለቤቴ አስካለ እንቅርቷን በቀዶ ጥገና ካስወጣች ወዲህ በየጠዋቱ አንድ ክኒን ትውጣለች። ሁለት ዓመት ደህና ከረመች። ኋላ ግን ፊቷ አበጠ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ፀጉሯም በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ጋቢ ደርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እንኳ ይበርዳታል።

ደብረ ብርሃን አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ደሟን ሳያስመረምር መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ጨመረላት። ለውጥ የለም። በሦስተኛው፣ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣

"ክኒኑን ትጥይዋለሽ አይደል?" አላት። ልጇ የሚሆን ሰው አንቺ እያለ!

"በእመብርሃን እውጠዋለሁ። ብርዱ ግን አልለቀኝም።"

"ጣርማ በር ተቀምጦ ያልበረደው ማነው?"

ሰዉ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አባባ፣ እርስዎ ይጠብቋት" አለኝ።

በማግስቱ ክኒኑን እንደዋጠች፣ "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" አልኳት። በግ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታይ ምላሷን አስነሥቼ ሥሩን አየሁ። ምንም የለም። በነጋታውም አየሁ። ሰባት የወለደችልኝ ሴት ዓይኗን ጨፍና አፏን ትከፍትልኛለች። ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ።

እየባሰባት ሲሄድ ወደ ሌላ ሐኪም ወሰድኳት፤ ወጣት ሴት ናት። ደሟን አዲስ አበባ ልካ አስመረመረች።

"መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ አለ፤ በደንብ ይወስዳሉ" አለችኝ። "ሰውነታቸው ግን ተገላቢጦሽ ወደሚባል ሌላ ዓይነት ይለውጠዋል። ያ ደግሞ ሥራ አይሠራም።"

ግራ እንደገባኝ አይታ፣ "አባቴ፣ በሬው በረት ውስጥ አለ፤ ግን አይጠመድም" ብላ አስረዳችኝ።

ቀጥላ አስካለን፣ "እማዬ፣ ምግብስ እንዴት ነዎት?" አለቻት።

አስካለ አቀርቅራ ተናገረች። በሽታው እንዲለቃት ተስላ፣ ፍስክም ሆነ ጾም በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም ኖሯል። ሲብስባት ጾሙን ታጠብቃለች። ምሳዬን እያቀረበችልኝ እሷ እንደማትበላ ልብ አላልኩም።

"ሰውነት ሲራብ ይቆጥባል፤ ተገላቢጦሹን ከሚያበዙት አንዱ ይኸው ነው" አለች ሐኪሟ።

የንስሐ አባታችን ከስእለቱ ፈቷት። ቶሎ አልተሻላትም፤ እየቆየ ግን ፊቷም ድምጿም ተመለሰ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። "አንተ ምን ታድርግ፣ የተማረ ሰው ነው የነገረህ" አለችኝ። እንዲህ ማለቷ ይብስ አንገበገበኝ። የተማረው ሰው ጠብቃት አለ እንጂ አፏን አስከፍት አላለኝም። እሱን ያመጣሁት ከራሴ ነው።