«የቤት» የተባለው ፎቶ

ሣጥኑን ስከፍተው የሆምጣጤ ሽታ መጣብኝ። ባለቤቴ ፎቶ ያጥብበት የነበረው የጓዳችን ሽታ ነው። ከሞተ ሦስት ወር ሆነው፤ ሽታው ግን አሁን ከእጁ የወጣ ይመስላል። ከላይ ያለውን ፎቶ ገልብጬ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረግሁት። ከጀርባው በላጲስ የተፋቀው ቦታ አልጠፋም።

ፎቶው ሲነሳ ከሚሴ ውስጥ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ከሰንበቴ ከተማ ቅቤ የምታመጣልን፣ በኦሮምኛ «ኦቦሌቲ»፣ እህቴ፣ እያለች የምትጠራኝ ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት ሻሿን አውልቃ ጸጉሯን ስሠራት፣ በበሩ የገባው ብርሃን ያልተጎነጎነውን ግማሹን አበራው። ባለቤቴን ጠርቼ አንሳት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ላንቺ ብዬ ነው፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለች።

ባለቤቴ፣ የተነሳው ሰው ከቤት እንዲወጣ ያልፈቀደውን ፎቶ ከጀርባው በእርሳስ «የቤት» ብሎ ይጽፍበት ነበር። የጻፈበትን ለማንም አያሳይም ነበር።

አዲስ አበባ ለመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ሲጠሩት፣ የመረጣቸውን ፎቶዎች ፖስታ ውስጥ ከትቶ በጠዋቱ አውቶቡስ እንድልክ አደራ ብሎኝ ባቲ ገበያ ለሥራ ሄደ። ፖስታውን ከፍቼ አየሁ። የእሷን ፎቶ የሚያህል አልነበረም። ሰው ባለቤቴን ይወቅልኝ ብዬ፣ «የቤት» የሚለውን በላጲስ አጥፍቼ ጨመርኩት።

ስሙ የተጠራው በዚያ ፎቶ ነው። ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጋዜጣው ሰንበቴ ደረሰ። ወንድሞቿ ጸጉሯ ተገልጦ ታየ ብለው ቤታችን መጡ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አላቸው ባለቤቴ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሰው አላነሳም። ገበያው ሲበተን እየሄደ የከብት ዱካ፣ የተረሳ ገመድ፣ ባዶ መደብ ያነሳ ነበር። አዲስ አበቤዎች «ሰው የሌለበት ገበያ» እያሉ አደነቁለት፤ እስኪሞት የታወቀው በዚያ ነው። ሲያጨበጭቡለት አጠገቡ ተቀምጬ አብሬ አጨበጭብ ነበር።

ለለቅሶው ያቺ ጓደኛዬም መጣች። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች።

«አብሽሪ፣ ኦቦሌቲ» አለችኝ። «ስለ ፎቶው አውፍ፣ ይቅር ብየዋለሁ። በኔ በኩል አላህ አይጠይቀው።»

«አሚን» አልኩ።

ዛሬ እርሳስ ፈልጌ፣ በተፋቀው ቦታ ላይ «የቤት» ብዬ መልሼ ጻፍኩ። የእሱን የእጅ ጽሑፍ አልመሰለም።